ለወሎ ብርቱካን የትኛው አዳኝ ማይት? በጠርሙስ የሚመጣው ወይስ ቅጠሉ ላይ ያለው?

አጎቴ ተሁለደሬ ውስጥ ሃያ ሁለት እግር ብርቱካን አለው። አምና ግንቦት ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የቅጠሉ ፊት ነጣ ነጣ ብሏል፤ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ነው የሚመስለው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ተባይ የሚበላ ተባይ በጠርሙስ ይሸጣል አሉ። እውነት ከሆነ አስመጣልኝ፣ ብሩን እልካለሁ።»

እውነት ነው፣ ይሸጣል። አዳኝ ማይት ይባላል። ዝዋይ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳቸው ላይ ሲለቁት ዓመታት ተቆጥረዋል። በስፔን፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በቻይና የብርቱካን ማሳዎችም የታወቀ ሠራተኛ ነው። ግን ከዋጋው በፊት «የትኛው ማይት?» የሚል ጥያቄ አለ። አንዱ ሙቀት አይችልም። ሌላው ድር ውስጥ አይገባም። ሌላው ደግሞ ማንም ሳይገዛው አጎቴ ጓሮ ተቀምጧል።

ማይት የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ነው። ስምንት እግር አለው፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ክንፍ የለውም። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገረው በእግሩ፣ በነፋስ፣ ወይም ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሲነካካ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ሒሳቡ ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡት

አጥፊውም አዳኙም ማይት ስለሆነ ሰው ይምታታበታል። ነጭ ወረቀት ያዙ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ። ወረቀቱን ከቅርንጫፉ ሥር ዘርግታችሁ ቅጠሉን ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉት። የአቧራ ቅንጣት የምትመስል ነገር መሄድ ከጀመረች ማይት ናት። ቀስ እያለች የምትጎተት፣ በግራና በቀኝ ጎኗ ጠቆር ያለ ነጥብ ያላት ከሆነች አጥፊዋ ናት፤ ቀይ ሸረሪት የምንላት። ስሟ ቀይ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ቢጫማ አረንጓዴ ናት። የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላት፣ የምታብረቀርቅ፣ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አቋርጣ የምትጠፋ ከሆነች አዳኟ ናት። ከልምድ ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይታይም። በሦስተኛው ቀን ዓይን ይለምዳል።

የቅጠሉ ጀርባ ጥጥ የተነሰነሰበት ቢመስል፣ ሲነኩት ቢያጣብቅና ከላይ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ቢለብስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ባለ ጥጡ ነጭ ዝንብ ነው። በጠርሙስ የሚሸጡት ማይቶች እሱን አይገቱትም፤ ጥጡ ራሱ ጋሻው ነው። በሌላው ዓለም ልክ ያስገባችው ካሌስ ኖአኪ የምትባል፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ተርብ ናት። ግንዱና ፍሬው ላይ የሚለጠፈው ቅርፊታም ተባይ፣ ቅጠል ውስጥ የእባብ መንገድ የሚሠራው ሰርሳሪ፣ የወፍ ኩስ የሚመስለው የቢራቢሮ ትል፣ ለእነዚህ ሁሉ ማይት መግዛት ብር መጣል ነው። የቢራቢሮውን ትል በእጅ ልቀሙት፣ አለቀ።

አጎቴን «ወረቀት ላይ አራግፈህ ቪዲዮ ላክልኝ» አልኩት። ቪዲዮው እየተንቀጠቀጠ መጣ። ወረቀቱ ላይ ባለ ሁለት ነጥብ ማይቶች ይርመሰመሳሉ። ቀይ ሸረሪት ነው። ስለዚህ ማይት በማይት ማስበላት ቢያንስ ትክክለኛው ሐሳብ ነበር።

ጠርሙስ አንድ፦ ፐርሲሚሊስ

ሙሉ ስሙ ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። በፈረንጆቹ 1958 ከቺሊ ወደ ጀርመን በተወሰደ ኦርኪድ ላይ ተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። ብርቱካናማ ቀይ ነው፣ ከአዳኞቹ ሁሉ በዓይን ለመለየት የሚቀለው እሱ ነው።

የሚበላው ድር የሚያደራውን ቀይ ሸረሪት ብቻ ነው። ሌላ አይነካም። አንዷ በቀን እስከ ሃያ እንቁላል ወይም አምስት የሚሆኑ ትልልቅ ማይቶች ትጨርሳለች። ድሩን ገፍታ ትገባለች። ሙቀቱ ከተስማማት ከእንቁላል እስከ አዋቂ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ቀይ ሸረሪት የወረረውን ችግኝ በሁለት በሦስት ሳምንት ስታጸዳው ማየት ያስደስታል።

ችግሩ ምቾት መውደዷ ነው። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ትፈልጋለች። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲወርድ እንቁላሎቿ ይደርቃሉ። ሙቀቱ 30ን ሲያልፍ ሥራ ትፈታለች። ቀይ ሸረሪት ደግሞ የሚመቸው ልክ ያኔ ነው። በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሐርቡ ወይም ቆቦ ሜዳ ላይ ፐርሲሚሊስ መልቀቅ ደገኛን በቀትር ቆላ አውርዶ እረስ እንደ ማለት ነው። ደግሞ ምግቧን ስትጨርስ ትራባለች፣ ትበተናለች። ለከርሞ አትገኝም።

ጠርሙስ ሁለት፦ ካሊፎርኒከስ

ኒዮሴዩለስ ካሊፎርኒከስ ቀስ ይላል። የሚበላው መጠንም ከፐርሲሚሊስ ያንሳል። ግን ሙቀቱን ይችላል፣ ደረቁን አየር ይችላል፣ ረሃቡንም ይችላል። ቀይ ሸረሪት ሲያልቅበት ሌላ ማይት ይበላል፤ እሱም ከጠፋ በአበባ ብናኝ ይሰነብታል። ፐርሲሚሊስ ጅጌ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ ባንድ ቀን አጭዶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ካሊፎርኒከስ የቤት ሰው ነው።

ስለዚህ ለቆላውና ለደረቁ ወራት ከሁለቱ ካሊፎርኒከስ ይሻላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ቀድሞ መድረስ አለበት። ቅጠሉ በድር ከተሸፈነ በኋላ ብቻውን አይደርስበትም። አንዳንዱ ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ይለቃል፤ ጅጌውም የቤቱ ሰውም እንዲኖር። አቅም ላለው ደህና ዘዴ ነው።

ጠርሙስ ሦስት፦ ስዊርስኪ

አምብሊሴዩስ ስዊርስኪ በሳይንስ የተመዘገበው በ1962 ነው፤ ገበያ የገባው ግን ከ2005 ወዲህ ነው። ትሪፕስ የሚባለውን፣ ቅጠልና ፍሬ የሚቧጥጥ ቀጭን ትንሽ ነፍሳት ጫጩት፣ የነጭ ዝንብንም እንቁላልና ግልገል ይበላል። ሙቀት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ደስ ይለዋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእቃው ጽሑፍ «ነጭ ዝንብ» ሲል ባለቤቱ ያንን ባለ ጥጡን ያስባል። ስዊርስኪ ልኩን የሚያሳየው ግን ቲማቲምና ቃሪያ ላይ የምናየውን ዓይነት ነጭ ዝንብ ነው። ከቀይ ሸረሪት ድር ጋርም አይስማማም፤ እግሩ ይያዛል። ብርቱካን ላይ ትርጉም የሚኖረው ጥፋቱ የትሪፕስ ሲሆን ነው። ፍሬው ከቅርንጫፉ በተያያዘበት ቦታ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሻከረ ጠባሳ ካለው ትሪፕስን ጠርጥሩ። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ስዊርስኪ ብርድ ላይ ይደነዝዛል።

ቻይና ውስጥ ኩኩመሪስ የሚባለውን ማይት በትንንሽ ከረጢት ሞልተው ብርቱካን ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ስለዚህ ትልልቅ ዛፍ ላይ ማይት መልቀቅ ሕልም አይደለም። ግን እነሱ እዚያው በገፍ ያረቡታል። እኛ ግን በአውሮፕላን ነው የምናመጣው።

ሒሳቡ

አጎቴን ያስደነገጠው ይህ ክፍል ነው። አንድ ያደገ የብርቱካን ዛፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቅጠል አለው። ዝቅ አድርገን 50,000 እንበል። ሃያ ሁለቱ እግር ሲሰላ 1,100,000 ቅጠል ይመጣል። አንድ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ 2,000 ወይም 10,000 ማይት ይይዛል። ትልቁን ብትገዙ እንኳ ለ110 ቅጠል አንድ ማይት ይደርሳል። ያውም ክንፍ የሌለው፣ በእግሩ የሚሄድ። ይራባል፣ እውነት ነው። ግን ሲራባ ቀይ ሸረሪቱም ቆሞ አይጠብቀውም።

መንገዱም አለ። ፐርሲሚሊስ ጠርሙስ ውስጥ ምግብ የለውም። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ተይዞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቅጠል ላይ መውረድ አለበት። ቦሌ ደረሰ እንበል። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ። የሚኒባሱ ፊት ላይ ፀሐይ ያገኘው ጠርሙስ ውስጥ የሚቀረው የሞተ ማይትና ገለባ ነው። ፈቃዱም ቀላል አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ወደ አገር ለማስገባት ከግብርና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣው እንዲያመጣላችሁ አታስቡ።

ጠርሙሱ ታዲያ ለማን ነው? ለችግኝ ጣቢያ ነው። ሦስት ሺህ ችግኝ፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ቅጠል፣ በድምሩ 90,000 ቅጠል ነው። ከአጎቴ ሁለት ዛፍ ያንሳል። ችግኞቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ማይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሻገራል። ጥላ አለ። ውኃ በየቀኑ ስለሚጠጣ እርጥበት አለ። በዚህ ቦታ ፐርሲሚሊስ እንኳ ንጉሥ ነው። መርሳም ሆነ ኮምቦልቻ ዙሪያ የብርቱካንና የሎሚ ችግኝ የምታፈሉ ሰዎች ካላችሁ፣ ተደራጅታችሁ አንድ ጠርሙስ ብትጠይቁ አይፈረድባችሁም።

ሳይገዛ የሚገኘው

አንድ ቅዳሜ ከደሴ ወርጄ የአጎቴን ጓሮ አየሁት። ብርቱካኑን ነቅሎ ጫት ከተከለው ጎረቤት ጋር በሚዋሰንበት ድንበር ላይ አንዲት የተረሳች ትርንጎ አለች። ማንም አይነካትም፣ ማንም አይረጫትም። ቅጠሏን ገልብጬ በመነጽር አየሁ። በመካከለኛው ጅማት አጠገብ፣ ወደ ቅጠሉ እጀታ ጠጋ ብሎ፣ ገርጣ ያለች የምታብረቀርቅ ነገር ተቀምጣለች። በሣር ጫፍ ነካኋት። ተፈተለከች። አዳኝ ማይት ናት። አምስት ቅጠል ገለበጥኩ፣ ሦስቱ ላይ ነበረች። ትርንጎዋ ደግሞ ቅጠሏ አረንጓዴ ነው፤ ነጥብ የለባትም።

ከዚያ አራት እርምጃ ርቆ ያለውን ብርቱካን ገለበጥኩ። ሃያ ቅጠል፣ አንድም አዳኝ የለም። ቀይ ሸረሪት ግን እንደ ልብ ነው።

«ምን ረጭተህ ነበር?» አልኩት።

«መጋቢት ላይ ለነጭ ዝንቡ ትንሽ መድኃኒት አስረጭቼ ነበር» አለ። መድኃኒቱን ገበያ ላይ አንድ ሰው በሃይላንድ ገልብጦ ነው የሸጠለት። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ግን የሆነው ግልጽ ነው። ነፍሳትን ለመግደል የሚሠሩ ብዙዎቹ መድኃኒቶች፣ በተለይ የፓይሬትሮይድ ወገን የሆኑት፣ አዳኝ ማይትን ይፈጃሉ። ቅጠል ላይ የሚቀረው ቅሪታቸውም አዳኞቹ እንዳይመለሱ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለሁለትና ለሦስት ወር ይከለክላል። ቀይ ሸረሪት ግን ቶሎ ስለሚራባ መድኃኒቱን ይለምዳል። ጠባቂው ሞተ፣ ሌባው ተረፈ። የመጋቢቱ ርጭት የግንቦቱን ፎቶ ወለደ።

እነዚህ ሳይገዙ የሚገኙት አዳኞች ብዙዎቹ ኢውሴዩስ ከሚባለው ወገን ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ብርቱካን ገበሬዎች አንዱን ዘመዳቸውን፣ በአዶ አካባቢ ስም የተጠራውን አዶኤንሲስን፣ ለትሪፕስ መከላከያ ብለው ይንከባከቡታል። ኢፊሴዩስ ደጀኔራንስ የሚባልም አለ። ጥቁር ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በአፍሪካና በሜድትራኒያን ብርቱካን ላይ የታወቀ ነው። የሁሉም ትልቁ ጥቅማቸው ተባይ በሌለበትም መኖራቸው ነው። የአበባ ብናኝ ይበላሉ። ስለዚህ ቀይ ሸረሪት ሲመጣ ቀድመው እዚያው ናቸው። ድር ካደራ በኋላ ግን እንደ ፐርሲሚሊስ አይሆኑም፤ እሱን አልደብቃችሁም።

እነሱን ማቆየት ማለት ብናኝ ማብላት ማለት ነው። በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በብርቱካን ረድፎች መሐል ሮድስ ሣር ይዘራሉ። ነፋስ ብናኙን አንስቶ ቅጠሉ ላይ ያራግፈዋል፣ ማይቱ ይበላል። ሣሩን ሲያጭዱ አንዱን ረድፍ አጭደው ሌላውን ይተዋሉ፣ ብናኙ እንዳይቋረጥ። ሮድስ ሣር እኛ አገር ለከብት መኖ የሚዘራ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱም የሚያውቀው ነው። ስፔኖችም ከዛፉ ሥር የሣር ዓይነት ሲዘሩ ቀይ ሸረሪቱ እንደቀነሰ አይተዋል። አረሙ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ቅጠለ ሰፋፊው አረም ለቀይ ሸረሪት ማደሪያ ሊሆን ይችላል። ቻይኖች ደግሞ አጀራተም የሚባለውን፣ እኛ አረም ብለን የምንነቅለውን፣ ሆን ብለው አሳድገውበታል።

የኔ ተወዳጅ ግን ጉሎ ነው። በየአጥሩ የሚበቅለው ጉሎ። የውጭ ቤተ ሙከራዎች አዳኝ ማይት የሚያረቡት በጉሎ ብናኝ እንደሆነ ሳነብ ሳቄ መጣ። አጎቴ የአጥሩን ጉሎ በየዓመቱ ይመነጥረዋል። አሁን ሁለት እግር እንዲተው ለምኜዋለሁ። ፍሬው መርዝ ስለሆነ ሕፃንና ከብት በማይደርሱበት ጥግ ይሁን።

የሣሩ ዋጋ ውኃ ነው። በደረቅ ወር ዛፉን ይሻማዋል። ስለዚህ ከግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ንጹሕ ይሁን። በመስኖ የማይጠጣ ማሳ ላይ ሙሉውን መሬት ሣር አታልብሱት።

እኔ ብሆን

ጓሮ ውስጥ ሃያ ሠላሳ እግር ላለው ሰው ጠርሙስ አልመክርም። የገዢው ብር ለማይት ሳይሆን ለመጓጓዣ ነው የሚያልቀው። የሃይላንዱን መድኃኒት ማቆም ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል። የግድ መርጨት ካለባችሁ የሳሙና ውኃ ወይም ለአትክልት የሚሆን የማዕድን ዘይት ይሁን። የነኩትን ይገድላሉ፣ ሲደርቁ ግን ቅሪት የላቸውም፤ አዳኙ ከጎረቤት ዛፍ ይመለሳል። በጠራራ ፀሐይና ዛፉ በተጠማበት ቀን አትርጩ፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ጊራና፣ ሐርቡ፣ ቆቦ ላይ ሰፋ ያለ ማሳ ላለው፣ በማኅበርም ለተደራጀ፣ ካሊፎርኒከስ ይሞከር። ግንቦት ሳይደርስ፣ በልጉ ላይ፣ ነጥቡ እንደታየ። ችግኝ ለሚያፈላ ፐርሲሚሊስ። ስዊርስኪን ትሪፕስ በዓይኑ ያየ ብቻ ይጠይቅ። መለየት ካቃታችሁ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልላችሁ ኮምቦልቻ ወዳለው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ውሰዱት። በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል።

ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጠርሙሱን በዝግታ አገላብጡት፤ ማይቶቹ ክዳኑ ጋ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ቆንጠር አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሱና የሚሄድ ነገር መኖሩን እዩ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቪዲዮ ቅረጹና ለሻጩ በዚያው ቀን ላኩ። ፀሐይ ከበረደ በኋላ፣ ጥፋቱ የበዛበት ቅጠል ላይ በትኑ። እኩል ላድርስ ብላችሁ ዛፉን ሁሉ አታዳርሱ።

አጎቴ አልገዛም። መጀመሪያ ዛፎቹን ከታች ወደ ላይ በውኃ አጠባቸው፤ ቀይ ሸረሪት አቧራ ይወዳል። ርጭቱን ተወ። ሁለት ረድፍ ሮድስ ሣር ዘራ። ክረምቱ ራሱ ብዙውን አጥቦለታል፣ ስለዚህ ሙሉ ምስጋናውን ለማይት አልሰጥም። ዘንድሮ ጥር ላይ ስገለብጥ ግን ከሃያ ቅጠል ሰባቱ ላይ አዳኝ አገኘሁ። መኪና መንገዱ ዳር ያሉት ሁለት ዛፎች ግን ዛሬም አቧራ ለብሰው ነጥብ በነጥብ ናቸው። ለእነሱ መላ አላገኘንም።

አሁን ጭቅጭቁ ከአክስቴ ጋር ነው። ላሟ የምትታለብ ናት፣ ሣሩ ደግሞ አምሮበታል። አክስቴ ሁለቱንም ረድፍ ባንድ ቀን ማጨድ ትፈልጋለች። «ላሚቱ ትብላ፣ ማይታችሁን ማን አይቶት ያውቃል?» ትላለች። መነጽሩን ሰጥቻት ቅጠል ገልብጬ አሳየኋት። አየች። «አብሽር፣ አንዱን ረድፍ እተውላችኋለሁ» አለች። «እስኪያብብ ድረስ ብቻ።»